ሸክላ የጠጣው ብር

መማር ማለት ሽማግሌን በክርክር መርታት የሚመስለው ወጣት ካለ፣ ይህን ታሪክ ሳይጨርስ እንዳይነሣ እለምነዋለሁ። እኔም እንደዚያ የሚመስለኝ ሰው ነበርሁ። ስሜ አብተው ይባላል፤ በ፲፱፻፳፩ ዓመተ ምሕረት በአዳማ ባቡር ጣቢያ የጭነት ጸሐፊ ነበርሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል በድሬዳዋ፣ የባቡር ዕቃ በሚቀልጥበትና በሚጠገንበት ቤት ሠርቻለሁ። ጥቂት ፈረንሳይኛ አውቅ ነበር፤ ኮትም ነበረኝ። ራስ ሳይጠና ጉተና የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

በግንቦት ወር በአንድ ረቡዕ ጧት ከድሬዳዋ የገባውን ፉርጎ ለመክፈት ማኅተሙን እቆርጥ ነበር። የፉርጎ በር የሚታሸገው በሽቦና በእርሳስ ነው፤ ሽቦው ሲቆረጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የእርሳስ ማኅተም ትወድቃለች። ቀና ስል አብዬ መሐመድዘይን በሐዲዱ ዳር እያነከሱ ሲመጡ አየሁ።

አብዬ መሐመድዘይን ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ አንጥረኛ ናቸው። አልቦና አምባር፣ ድሪና የጆሮ ጌጥ ለማሠራት ከአዋሽ ማዶ ከአርሲ ሳይቀር ሰው ይመጣላቸዋል። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ የዚያን ዕለት ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«እንደምን አደሩ አብዬ? እግርዎን ምን ነካው?» አልሁ።

«አልሐምዱሊላህ ልጄ። እግሬንማ እሳት በላው» ብለው በሐዲዱ ዳር በተቆለለው እንጨት ላይ ተቀመጡና የተጠመጠመውን ጨርቅ ፈቱት።

ደነገጥሁ። የእግራቸው ጀርባ እስከ ጅማቱ ተገልጦ፣ ዙሪያው ጠቁሮና አብጦ ነበር። በድሬዳዋ የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቁስል ይዞ ግማሽ ሰዓት መንገድ በእግሩ የመጣ ሰው ግን አላየሁም።

«እንዴት እንዲህ ሆኑ?»

«ለሙሽራ አልቦ የሚሆን ብር አቅልጬ በጉጠት ከእሳት ሳወጣው የማቅለጫው ቂጥ ተከፈተ። ብሩ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ዘንድሮ አራተኛዬ ነው፤ ሦስቱ እዚያው እሳት ውስጥ ቀሩ፣ አራተኛው በእኔ ጨረሰ።» ከከረጢታቸው ገል አወጡ። ማቅለጫ የሚባለው ብር የሚቀልጥበት፣ ቡጢ የሚያህል የሸክላ ዕቃ ነው። «እየው፤ ብሩን ጠጥቶታል።»

ገሉን ተቀብዬ አገላበጥሁት። ውስጡ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ እንደ ብርሌ ያብረቀርቃል፤ በዚያ በሚያብረቀርቀው ውስጥ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ የብር ጠብታዎች ተቀብረዋል። ቂጡ እንደ ወረቀት ሳስቶ አልቋል።

«ማነው የሠራው?»

«ተሻለች ናታ። ከሞጆ ወዲህ ማቅለጫ የምትሠራ ሌላ ማን አለ? ዓይኗ ነው፤ ዓይኗ ከሸክላው ጋር ተቀምጦ ብሬን ይበላል። ደግነቱ ነገሩ አልቋል። ትናንት ሽማግሌ ተቀምጦ ቆርጧል፤ ቅዳሜ ገበያው ሳይቆም ከአዳማ ትወጣለች። የሸክላ ማቃጠያዋም ይፈርሳል።»

ከእግራቸው ቁስል ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። ተሻለችን አውቃታለሁ። ከጣቢያው በስተጀርባ ብቻዋን የምትኖር፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ሸክላ ሠሪ ናት። ዘመድ የላትም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ያን የሚያህል ፍርድ ሲሰጥ አንድ ሰው እንኳ «ተው» አላለም ማለት ነው።

«አብዬ፣ እርስዎ ብልህ ሰው ነዎት። ዓይን እንዴት ብር ይበላል?»

«አንተ የከተማ ልጅ ነህ፤ አታውቅም። ቡዳ ሰው ይበላ የለም ወይ? ሰው ከበላ ብርማ ምን ይከብደዋል?»

እኔም ችኩል ነኝና ለሽማግሌ የማይባል ነገር ተናገርሁ። «ከኋላዎ ሰው እርስዎን ምን እንደሚልዎ ያውቃሉ? አንጥረኛን ቡዳ ነው የሚለው። የእርስዎን እጅ ሥራ በአንገቱ አስሮ፣ ከእርስዎ ጋር በአንድ ገበታ የማይቀርብ ስንት ሰው አለ?»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የልጄን ጋብቻ ሁለት ጊዜ ያፈረሰው ይኸው ነገር ነው። እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ?»

«ታዲያ በእኔ ላይ የሚባለው ውሸት ነው፤ በእሷ ላይ የሚባለው ግን እውነት ነው።»

ይህን ያሉት ሳይስቁ ነው። ሰው የተመታበትን ዱላ አንሥቶ ከእሱ የባሰ ደካማ ሲመታበት ብዙ ጊዜ አይቼ ይሆናል፤ እንዲህ ገልጦ ሲናገረው ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሌላ ነገር ጠየቅሁ። «ዓይን ነው ካሉ መከላከያ አላደረጉም?»

«እንዴት አላደርግ። አባቴ ያስተማረኝ አለ፤ የእሳት ቁርስ ይባላል። ብሩ ከመግባቱ በፊት ቁራጭ እርሳስ ማቅለጫው ውስጥ ይጣላል። ክፉ ዓይን ሲመጣ እርሳሱን ቀድሞ ይበላና ይጠግባል፤ ብሩ ይተርፋል። አባቴ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነበር የሚጥለው። እኔ ግን የመጀመሪያው ማቅለጫ ሲበሳ ዓይኑ በርትቷል ብዬ ጨመርሁ። ሁለተኛው ሲበሳ ደግሞ ጨመርሁ። አሁን እፍኝ እጥልበታለሁ፤ እሱም አልበቃው አለ።»

ገሉን እንደ ገና አየሁት። ያ ቢጫ የሚያብረቀርቅ ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ።

«እርሳሱን ከየት ነው የሚያገኙት አብዬ?»

«ካንተ ነዋ» አሉኝ ገርሟቸው። «ከፋሲካህ ወዲህ በየሳምንቱ የምትሰጠኝ ምንድን ነው? ዛሬስ የመጣሁት ለዚያው አይደለም?»

እውነታቸውን ነበር። ከፉርጎው የሚወድቀውን ማኅተም ሰብስቤ በእፍኝ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ለምን እንደሚፈልጉት አልጠየቅሁም፤ የሚጣል ነገር ለሽማግሌ መስጠት ደግነት መስሎኝ ነበር። የቆሰለው እግር ከፊቴ ተዘርግቷል፤ በእጄ ደግሞ ገና ያልሰጠኋቸው የዚያን ቀን እፍኝ አለ።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። «አብዬ፣ ይስሙኝ። ብርዎን የሚበላው እርሳሱ ነው።»

«እርሳሱ መድኃኒቱ ነው እንጂ።»

«በሽታው እሱ ነው። ዝናብ ሲዘንብ በጎመን ቅጠል ላይ የሚወድቀውን ውኃ አይተዋል?»

«ይንከባለላል።»

«ያው ውኃ በአዲስ ገንቦ ላይ ቢወድቅስ?»

«ገንቦው ይጠጣዋል። እኔም የምልህ ይህንኑ ነው፤ ማቅለጫዬ ጠጣ።»

«ጥሩ ነው። ውኃው አንድ ነው፤ የወደቀበት ነገር ነው የለያየው። በማቅለጫ ውስጥ ደግሞ ሸክላው አንድ ነው፤ የሚቀልጠው ነገር ነው የሚለያየው። በድሬዳዋ አንድ ሽማግሌ አርመን ቀላጭ ነበር፤ የተማርሁት ከእሱ ነው። ንጹሕ ብር ሲቀልጥ ለሸክላ ልክ በጎመን ላይ እንዳለ ውኃ ነው። ከሸክላው ጋር ከመያያዝ ይልቅ ከራሱ ጋር መያያዝ ይበልጥበታል፤ ስለዚህ ተሰብስቦ፣ ክብ ሆኖ ይቆማል። ሲደፉት ጠብታ ሳያስቀር ይወጣል። እርሳስ ግን ወናፍ ሲነፋበት ይቃጠላል።»

«ብረት ይቃጠላል?»

«ይቃጠላል። እርሳስነቱን ትቶ ቢጫ አመድ ይሆናል፤ አመዱም በዚያ ግለት መልሶ ይቀልጣል። ሸክላስ ምንድን ነው? እሳትና አየር ጠግቦ የጨረሰው አፈር ነው። የእርሳስ አመድም እንዲሁ እሳትና አየር የጨረሰው ነገር ነው። ዘመዳሞች ናቸው፤ ሲገናኙ አይገፋፉም። የቀለጠው አመድ እንደ ዘይት ተዘርግቶ ሸክላውን ያርሰዋል፤ ካራሰው በኋላ ያሟሟዋል። ይህ እንደ ብርሌ የሚያብረቀርቀው የእርሳስዎና የሸክላዎ ድብልቅ ነው። ቂጡ የሳሳው ስለተበላ ነው። ብሩም ከዚያ ጋር ተይዞ ቀረ።»

አብዬ መሐመድዘይን ጢማቸውን ይዘው «አባቴ አርባ ዓመት እርሳስ ሲያስቀድም ኖረ» አሉ።

«የሽንብራ ፍሬ የምታህል ብዙ አትጎዳም። እሳቸውስ ቢሆኑ አንድም ማቅለጫ አልተበሳባቸውም?»

ዓይናቸውን ወደ ሐዲዱ አዞሩ።

«ክርክርህ ይጥማል» አሉኝ በመጨረሻ። «የጣመ ሁሉ ግን እውነት አይደለም። እኔ በእጄ ያየሁትን እንጂ አርመን ለአንተ የነገረህን አላምንም። ፈትነህ አሳየኝ። ወናፉን የምነፋው ግን እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋም ድርሽ እንዳትል።»

አርጅተው እንኳ ከእኔ ይልቅ የተማረ ሰው አነጋገር የተናገሩት እሳቸው ነበሩ። እኔ እንዲያምኑኝ ነበር የፈለግሁት፤ እሳቸው ማየት ፈለጉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ተሻለች ቤት ሄድሁ። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ገንቦዎቿን በገለባ ትጠቀልል ነበር። የምትይዘው ትንሽ፣ የምትተወው ብዙ መሆኑ ያስታውቃል።

«እንደምን ዋሉ እትዬ ተሻለች? ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«እኔ እንጃ ጌታው። ባቡሩ ወደሚሄድበት።» እጇ ሥራውን አላቋረጠም። «ከምንጃር ያስወጡኝ በጠላ ነው። በኔ እንስራ የተጠመቀ ጠላ ለሠርግ ደፈረሰ ተባለ። እዚህ የመጣሁት፣ የባቡር አገር ነው፤ ሰው ሰውን አያውቅም፤ ዝም ብለው ያኖሩኛል ብዬ ነበር። አራት ዓመት አኖሩኝ፤ ምን ይባላል።»

«ሁለት ማቅለጫ ይስጡኝ። ከአንድ ጭቃ፣ በአንድ ቀን የተሠሩ ይሁኑ።»

«ለምንዎ?»

«እርስዎን ነፃ ላወጣዎት ነው» አልሁ። ደረቴን ነፍቼ ሳይሆን አይቀርም። «ነገ በሽማግሌ ፊት ብር ይቀልጥባቸዋል። አይዞዎት፤ እኔ አለሁ።»

ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ የደስታ ፊት አልነበረም። ተነሥታ ሁለት ማቅለጫ አመጣችና በእጄ አስቀመጠች። ዋጋቸውን ብሰጣት አልቀበል አለች። ያን አስተያየቷን ያን ጊዜ ፍርሃት ነው ብዬ ተረጎምሁት።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በአብዬ መሐመድዘይን ዳስ ተሰበሰብን። ፍርዱን የሰጡት የሽማግሌዎች ዋና፣ የአርሲው ኦቦ ራህመቶም መጡ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። «አካም ጅርቱ» ብለው ሁላችንንም ሰላም አሉና በርጩማ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ።

አብዬ መሐመድዘይን ከራሳቸው ሣጥን የተሰበረ ንጹሕ የብር አምባር አውጥተው ሦስት ቦታ ቆረጡት።

«ለምን ሦስት? ማቅለጫው ሁለት አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ከበስተኋላቸው ሌላ ማቅለጫ አወጡ። «ይህን ትናንት ሰው ልኬ ከሞጆ አስመጣሁት። የሠራችው ሴት አዳማን አይታ አታውቅም። የተሻለች ማቅለጫ በእርሳስ ቢበሳ፣ ዓይኗና እርሳሱ ተጋግዘው ነው እላለሁ። የሞጆውስ?»

አፈርሁ። ይህ ለእኔ ሊታሰበኝ የሚገባ ነበር።

በመጀመሪያ በተሻለች ማቅለጫ አንዱን ቁራጭ ብር ብቻውን ጨመሩ። የእሳት ቁርሱን አስቀሩበት፤ አርባ ዓመት ሙሉ አድርገውት የማያውቁት ነገር ነው። ወናፉን ነፉ። ከሰሉ ነጭ እስኪመስል ጋለ። ብሩ ለሰሰ፣ ተልፈሰፈሰ፣ ከዚያ በድንገት ተሰብስቦ ክብ ሆነ።

«ቀረብ ብለው ይዩ ኦቦ» አልሁ።

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ማቅለጫው በጉጠት ወዲያና ወዲህ ሲዘነበል ብሩ እየተንቀጠቀጠ ይንከባለላል፤ የሸክላውን ግድግዳ ይነካል እንጂ አይይዘውም። አብዬ መሐመድዘይን ደፉት። አንዲት ጠብታ አልቀረችም። የማቅለጫው ውስጥ እንደገባ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ሁለተኛው በሌላው የተሻለች ማቅለጫ ነበር። እፍኝ እርሳስ ተጣለ፤ ብሩ ተከተለ። እኔ ጢሱ እንዳያገኛቸው ሁለቱን ሽማግሌዎች ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አስቀመጥኋቸው። ከሰል ሁለት ጊዜ እስኪጨመር ድረስ ተነፋ። በዚህኛው ውስጥ ክብ ነገር አልነበረም። የቀለጠው ነገር ቅቤ እንደ ተቀባ ግንባር ወዝቶ በግድግዳው ላይ ወደ ላይ ይሳብ ጀመር። ሸክላው ራሱ አብረቀረቀ። በመጨረሻ ከሥር አንድ ጠብታ ወደ አመዱ ወረደች፤ ሌላዋ ተከተለቻት።

አብዬ መሐመድዘይን ላባቸውን ጠርገው የሞጆውን ማቅለጫ በእሳቱ ላይ አኖሩ፤ እፍኝ እርሳስ ጣሉ፤ ብሩን ጨመሩ፤ ነፉ። አዳማን ያላየች ሴት የሠራችው ማቅለጫ ከተሻለች ማቅለጫ ቀድሞ ተበሳ።

ወናፉን ለቀቁት። የቆሰለ እግራቸውን ዘርግተው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ የእኔን ሁሉ ድንጋጤ ያስረሳ ነበር።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ኖርን ማለት ነው» አሉ። «አብተው፣ አባቴን ማቅለጫ አልተበሳባቸውም ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ተበስቶበታል። አንድ ክረምት ሁለት ተበሳበት። ዙለይካ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ከነጨቅላዋ ከመንደር አስወጧት። ዝናብ ነበር። እኔ ትልቅ ልጅ ነበርሁ፤ ድንጋይ ወርውሬባታለሁ።»

ኦቦ ራህመቶ ከበርጩማቸው ሳይነሡ «የት ደረሰች?» ብለው ጠየቁ።

«ማን ጠየቀ?» አሉ አብዬ መሐመድዘይን።

እኔ እንደ ተማረ ሰው የለውጡን ጥቅም ማስረዳት ጀመርሁ፤ ልማዴ ነውና። ብሩ ሳይባክን እንደሚተርፍ፣ አንድ ማቅለጫ ብዙ ጊዜ እንደሚያገለግል ተናገርሁ። በጌጥ ጥገና ላይ የተለጠፈ እርሳስ ካለ ከመቅለጡ በፊት ተፍቆ መነሣት እንዳለበትም ነገርኋቸው። ከፋሲካ ወዲህ አብዬን ይቆርጣቸው የነበረው ሆድና የጠቆረው ድዳቸው ምናልባት ከዚያ ጢስ እንደሆነ፣ ጢሱ ዳስ ውስጥ ለሚውሉ ቤተ ሰቦቻቸውም እንደማይበጅ ጨመርሁ። ሁለቱም ሰሙኝ። ኦቦ ራህመቶ «ዱጋ ነው» አሉ፤ በኦሮምኛ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ተነሡና «ኑ፣ ሄደን ለሴትዮዋ እንንገራት» አሉ።

ልቤ በኩራት ሞልቶ ከፊት ከፊት ሄድሁ።

ተሻለች ገንቦዎቿን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር። ሦስት ወንዶች ስንመጣ ስታይ ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አብዬ መሐመድዘይን የያዙትን በትር መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እትዬ ተሻለች» አሉ። ከዚያ በፊት «አንቺ» ብለው እንጂ ጠርተዋት አያውቁም። «ብሬን የበላው እርሳሴ ነው። በዓይኔ አየሁት። እርስዎን በሐሰት ከሰስሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። በማቅለጫዎ ላይ ምንም ጥፋት አልተገኘም።»

ኦቦ ራህመቶም «ፍርዱ ተነሥቷል። ንጹሕ ነሽ» አሉ።

እኔ ምስጋናዋን እጠብቅ ነበር።

እሷ ቀና ብላ ያየችው እኔን ነበር። «ጌታው፣ ልጠይቅዎ። ጥፋት ቢገኝበት ኖሮስ?»

«አልተገኘበትም እኮ» አልሁ።

«ቢገኝበት ነው የምልዎ። ጭቃው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ከመልካሳ በኩል የማመጣው አንዳንዴ አሸዋ ይበዛበታል። እንጨት ሲያጥረኝ ሳይበስል የማወጣው አለ። ያለ እርሳስም የሚሰነጠቅ ማቅለጫ ሠርቼ አውቃለሁ። ትናንት ሁለት ሲጠይቁኝ ከመካከላቸው የትኛው እንደማይሰነጠቅ አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ዛሬ አንዱ እሳት ላይ ቢሰነጠቅ ቡዳ ልሆን ነበር?»

አብዬ መሐመድዘይን እውነተኛ ሰው ናቸውና «እናስወጣዎት ነበር» አሉ።

የዚያን ጊዜ ድንጋጤዬ የት ድረስ እንደወረደ መጻፍ አልችልም። ነፃ አወጣታለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ የሄድሁት እኔ፣ የአንዲትን ሴት ኑሮ በሁለት የጭቃ ዕቃ ላይ አስይዤ እሳት ውስጥ ከትቼው ነበር። ቡዳ የሚባል ነገር የለም ብዬ በአፌ ስከራከር፣ በእጄ ያደረግሁት «ቡዳ መሆን አለመሆኗ በማቅለጫ ይፈተን» ነው። ማቅለጫው ቢሰነጠቅ የአርመኑ ትምህርት ምን ያደርግላት ነበር? ስለ ብርና ስለ ሸክላ ትክክል ነበርሁ። ስለ ተሻለች ግን ከከሳሾቿ ጋር በአንድ በርጩማ ተቀምጬ ነበር።

«ምን እናድርግ ታዲያ?» አሉ ኦቦ ራህመቶ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ማቅለጫዬ ሲከፋ ማቅለጫውን አምጡልኝ» አለች ተሻለች። «እኔው አየዋለሁ። ሌላ እሠራለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እዚህ ትቆያለሽ?»

«ይህን ነገ በገበያ፣ በሰው ፊት ከተናገሩት እቆያለሁ። ንጹሕ ናት እንዳትሉ። ንጹሕ ናት ካላችሁ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ንጹሕ አይደለችም ትላላችሁ።»

ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ አብዬ መሐመድዘይን በቆሰለ እግራቸው ከእህል ጆንያ ላይ ወጥተው ቆሙ። ደግፌያቸው ነበር። «ሰዎች፣ ስሙኝ» አሉ። «እኔን ከኋላዬ ቡዳ ትሉኛላችሁ፤ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ተሻለችን አልሁ። በእኔ ላይ የሚባለው ውሸት ከሆነ በእሷም ላይ ውሸት ነው፤ ይህን ለማወቅ እግሬ መቃጠል አልነበረበትም። ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ የከፋበት ዕቃውን ይዞ ወደ ሠሪው ይሂድ። የእጅ ሥራችንን መርምሩ፤ እኛን ተዉን።» አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ጥሎ ሄደ፤ ኦቦ ራህመቶ ግን በትራቸውን መሬት መትተው «እኔም እንዲሁ እላለሁ» አሉ። የሸክላ ማቃጠያዋን የነካ አልነበረም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የሚገኘውን ጥቅም አንተ ራስህ ልትቆጥረው ትችላለህ። የአብዬ መሐመድዘይን ሆድ በጥቂት ወር ውስጥ ተሻለ፤ ብር አይባክንባቸውም፤ የእሳት ቁርስ የሚለውን ልማድ ከልጆቻቸው ጋር ሽረውታል። እኔም የእርሳስ ማኅተሞቹን ለማንም አልሰጥም፤ ሰው አንድ ነገር ሲለምነኝ ለምን እንደሚፈልገው ሳልጠይቅ መስጠት ትቻለሁ። ከሁሉ የሚበልጠውን ጥቅም ያየሁት ግን በመስከረም ነው።

በመስከረም አንድ ማቅለጫ ያለ እርሳስ፣ በንጹሕ ብር ሥር ተሰነጠቀ። አብዬ መሐመድዘይን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ተሻለች ይዘውት ሄዱ፤ እኔም በመንገድ አግኝቻቸው ተከተልሁ። ተሻለች ገሉን ወደ ብርሃን አንሥታ አገላብጣ አየችው፤ ስንጥቁን በጥፍሯ ፈተሸችው።

«አሸዋ በዝቶበታል» አለች። «የእኔ ጥፋት ነው።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ወደ ውስጥ ገብታ ሌላ አመጣችላቸው፤ እሳቸውም አመስግነው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።